የኮሳኩ አባን

የአዲስ አበባው አለቃዬ የጠየቀኝ ስለ ፈረሶች ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ዘይላ ወደብ ላይ ወርዶ፣ በረሃውን አቋርጦ ሐረር የገባ፣ ኋላም ከንጉሠ ነገሥቱ ጦር ጋር እስከ ደቡብ ጠረፍ ዘልቆ ካርታ ያነሳ ኮሳክ የሚባሉት የሩሲያ ፈረሰኛ ወታደሮች አንድ አለቃ ነበር። ጎራዴ፣ ሜዳሊያ፣ ጀብዱ ያልጎደለበት ሕይወት። «አንተ እዚያው ጅግጅጋ ነህ፤ ስላለፈበት መንገድ አንድ የራዲዮ ዝግጅት ሥራልን» አለኝ በስልክ። እሺ አልኩ። በዚያ ሰሞን ለተጠየቅኩት ሁሉ መልሴ እሺ ነበር።

በ2010 ክረምት የከተማው ሱቆች ሲቃጠሉ ዘግቤያለሁ። ሶማሌ ያልሆነውን የሚፈልጉ ወጣቶች የተከራየሁበትን ግቢ በር ሲደበድቡ ሶማሌው አከራዬ ደጅ ላይ ቆሞ «እነዚህ የእኔ እንግዶች ናቸው» እያለ ሲመልሳቸው ከውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ መቅረጫው ይቀዳል፣ እኔ አዳምጣለሁ፣ ዘገባው በሰዓቱ ይደርሳል። ሌላ የሚሰማኝ ነገር ብዙም የለም።

የኮሳኩን መንገድ ስጠያይቅ ሰዎች ቱሊ ጉሌድ ከተማ ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ላኩኝ። የእሳቸው ቅድመ አያት የኮሳኩ አባን ነበር። አባን እንግዳን በጎሣው መሬት የሚያሻግር ሰው ነው። መንገድ መምራት ብቻ አይደለም፤ እንግዳው ቢነካ የተነካው አባኑ ነው፤ እንግዳው ቢበድልም የሚጠየቀው እሱ ነው።

ሽማግሌው ታመው ፍራሽ ላይ ተደግፈዋል። አማርኛ የለመዱት የጭነት መኪና ሾፌር ሳሉ ነው።

«አዴር፣ መንገድ ላይ ምን ሆነ?» አልኳቸው፤ እዚህ ትልቅ ሰው የሚጠራው እንደ አጎት ነው።

«ፈረንጁ ቸኮለ። የውሃ ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ ቅድመ አያቴ ‹ቆይ፣ መጀመሪያ ባለቤቶቹን ላናግር› አለው። ግመል ጥም ይችላል፣ ፈረስ አይችልም። ፈረንጁ ሳያስፈቅድ ፈረሶቹን ወደ ውሃው ነዳ፤ ሲከለከል የእሱ ሰዎች ተኮሱ፣ ከባለቤቶቹ ወገን አንድ እረኛ ሞተ። ፈረንጁ ሐረር ገብቶ ተሾመ። እኛ ‹ፈረንጅ አምጥቶ የሸሸው ሰው ቤት› ተባልን። እስከ ዛሬ! ለልጄ ሚስት ልንጠይቅ ስንሄድ ‹በፈረስ ነው የመጣችሁት?› አሉን፤ ለመሸሽ እንዲመቻችሁ ነው ወይ ማለታቸው ነው።» ሳቁ፤ ሳል አቋረጣቸው።

«አልሸሸም። ወደ ሟቹ ቤተሰብ ተመልሶ ታረቀ። ይህን በራዲዮ ተናገር፤ ስሙንም ጥራ። ሳልሞት ልስማው።»

አንድ ቤተሰብ ስለ ራሱ የተናገረውን ብቻ ይዤ እውነት ነው ብዬ እንደማላሰራጭ ነገርኳቸው። አልተቀየሙም። «ሸደር ሂድ፤ የሟቹ ወገኖች እዚያ አሉ። ጠላት ለእኔ ብሎ አይዋሽም» አሉኝ።

ሸደር ላይ ከሟቹ ወገኖች አንዷን አገኘሁ። በስደተኞች ጣቢያው መንገድ ዳር ጨርቅ የሚሸጡ፣ ሁሉም ኤዶ፣ ማለትም አክስት፣ የሚላቸው ሴት ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«የራዲዮው ሰው ይህ ነው? ድምፅህ ወፍራም ነበር፤ ሰውነቱን የት ጥለኸው መጣህ?»

ሱቁ ውስጥ ያሉት ሳቁ። የወተት ሻይ አስቀዱልኝ። ጥያቄዬን ስነግራቸው ጨርቅ ማጠፋቸውን አላቆሙም።

«አልሸሸም። ብቻውን፣ ጦር ሳይዝ መጥቶ ደጃችን ተቀመጠ። ‹እንግዳዬ ገደለ፤ እኔ መጣሁላችሁ› አለ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ደሙ እንዲደርቅ ሴት ልጁን ሰጠ።»

«ለማን?»

«ለሟቹ ወንድም። የአያቴ አባት ነው። እሷ የአያቴ እናት ናት።»

ሁለተኛ ምንጭ አገኘሁ። የአባኑን ስም በራዲዮ ብጠራ ይከፋቸው እንደሆነ ጠየቅኩ።

«ጥራ። ግን የእሷንም ጥራ። እሱ መጥቶ ተቀመጠ፣ ተነሥቶም ሄደ። እዚህ የቀረችው እሷ ናት።»

«ስሟ ማን ነው?»

ጥግ ላይ ጫት ወደያዙት ታላቅ ወንድማቸው ዞሩ። እሳቸውም የዘር ሐረጋቸውን አንድ በአንድ ጠሩ፤ አባት፣ የአባት አባት፣ እያሉ እስከ ላይ። ከዚያ ቆሙ።

«እናቶችን አንቆጥርም» አሉ።

«የወለደችህንም ጭምር?»

«የእናቴን አውቃለሁ።»

«ጎበዝ!» አሉ ኤዶ። በዚህ የሳቀ የለም።

ቱሊ ጉሌድ ተመልሼ ሁሉንም እንደተነገረኝ ነገርኳቸው። ብቻውን መጥቶ ደጅ ተቀመጠ ስል ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስለ ልጅቷ ስነግራቸው ገለጡ።

«‹ታረቀ› ነው ያሉን» አሉ። «በምን እንደታረቀ አልጠየቅንም።»

ጣታቸውን እያጠፉ አባቶቻቸውን መቁጠር ጀመሩ። አባኑ ጋ ሲደርሱ የልጆቹን ስም ጠሩ። ሁሉም ወንዶች ነበሩ። እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ቀረ።

«አዴር፣ አሁን ማረጋገጫ አለኝ። ስሙን ልጠራው እችላለሁ» አልኩ።

«ተወው።»

«ለዚህ አይደል የላኩኝ?»

«እሷ ሳትጠራ እሱ ብቻ ከተጠራ፣ ዛሬም ጥሏት ሄደ ማለት ነው። አልሸሸም በል፤ ልጅም ነበረችው በል። ስሙን ተወው።»

ዝግጅቱን እንዳሉት አድርጌ ላክሁት። አለቃዬ ደወለ። «የአባኑ ስም የለም፤ የልጅቷም የለም። ማንን ነው የምንጠራው?»

«የላክሁት እንዲሁ ነው።»

«ይሁን፣ የኮሳኩ ይበቃናል» አለ። እሺ አልኩ። ሲተላለፍ የኮሳኩ ስም ብቻ ጥርት ብሎ ተነበበ።

እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን የእሱንም ስም አልጻፍኩም።