የወሩ ጥንቁቅ ሠራተኛ

የነዳጅ ገንዘብ ካርቱምን ያሰከረበት ዘመን ነበር። አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈሯ ውስጥ ፎቅ ያልበቀለበት ቦታ ማግኘት ያስቸግር ነበር። እኔ ከነዚያ ፎቆች በአንዱ ላይ ፌሮ አስር ነበር፤ ቡሪ ሰፈር አብሮኝ የሚኖረው የወሎ ልጅ ደግሞ ግድግዳ ይለስናል። ነጠላ ጫማ አድርገን፣ ራሳችን ላይ ሻሽ ጠምጥመን፣ እሱ ቢስሚላህ፣ እኔ በስመ አብ ብለን እንወጣለን። ጥንቃቄያችን ይኸው ነበር።

አንድ ቀን የሥራው ባለቤት የሚስቱን ወንድም አመጣና የደኅንነት ኃላፊ አደረገው። ሰውየው ከዚያ በፊት ሽቶ ይሸጥ ነበር ይባላል፤ ሽታውም አይክድም። በዐረብኛ ደኅንነት «ሰላማ» ስለሚባል እኛ ሐበሾቹ «የሰላሙ ሰው» አልነው። ፊት ለፊት ግን ሙሀንዲስ ካላሉት አይሰማም።

የመጀመሪያ ሥራው «ደኅንነት ይቀድማል» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ማስተከል ሆነ። ማቆሚያ እንጨት ሲጠፋ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ እንዳንወድቅ የምንደገፍበትን አግዳሚ አስፈታና ሰሌዳውን ቸነከረበት። ወዳጄ የወሎው ልጅ ከላይ ሆኖ፣

«ያ ሙሀንዲስ፣ እኛስ ምን እንያዝ?» አለው።

«አላህን ያዝ! ያላ፣ ሥራ!»

ሳምንት ሳይሞላ ወዳጄ የሲሚንቶ ባልዲ ሊቀበል ጎንበስ አለና እንደ ልማዱ ክንዱን አግዳሚው ላይ ሊያሳርፍ ሞከረ። አግዳሚ የለም። አሸዋ ክምር ላይ ባያርፍ ኖሮ ዛሬ ይህን በቀልድ አላወራም ነበር። ሮጬ ስደርስ እግሩ ከጉልበቱ በታች ያለ ቦታው ታጥፏል። የሰላሙ ሰውም ደረሰ፤ ያየው ግን እግሩን ሳይሆን አናቱን ነው።

«ሄልሜቱ የታለ?»

ሄልሜቶቹ ኸዋጃው፣ ማለት ፈረንጁ አማካሪ፣ ለጉብኝት እስኪመጣ እንዳይቆሽሹ ተብለው መጋዘን ተቆልፎባቸዋል። አንዱን አስመጣና እያቃሰተ ላለው ሰው አጠለቀለት፤ ከዚያ ነው ፒካፕ ላይ ያስጫነው። ወዳጄ ሆስፒታል የገባው ሄልሜት ደፍቶ ነው።

እሱ በጄሶ ታስሮ ቡሪ ተኛ። ለእኛ ሄልሜት ታደለ፤ ቅጣትም አብሮ ታደለ። ላቡን ሊጠርግ ያወለቀ ተቀጣ፤ ጥላ ሥር አረፍ ያለ ተቀጣ፤ እኔ የተቀጣሁት በመሳቄ ነው። ወሩ ሲያልቅ ኸዋጃው ሊመጣ ሆነና ያልተቀጣ ሠራተኛ ተፈልጎ ይሸለም ተባለ። የተገኘው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ከአልጋው አንሥተው በፒካፑ አመጡት። በክራንች ቆሞ፣ አፍንጫው ብረት የሆነ አዲስ ቡትስ ጫማ አስታቀፉት። ኸዋጃው ጄሶውን እያየ ግር ሲለው የሰላሙ ሰው ፈጠን ብሎ «እግር ኳስ ሲጫወት ነው» አለ። ቀጥሎ ኸዋጃው፣ ወሩን ሙሉ እንዴት ተጠንቅቀህ ሠራህ ሲል በሰላሙ ሰው በኩል ወዳጄን አስጠየቀ።

«ወላሂ፣ ከአልጋ አልወረድኩም» አለ ወዳጄ በዐረብኛ።

የሰላሙ ሰው ለኸዋጃው በእንግሊዝኛ፣ «አላህንና ኩባንያውን አመሰግናለሁ ይላል» ብሎ ተረጎመለት። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ እንጂ ሆዴ አላጨበጨበም።

ጄሶው ሲፈታ እግሩ ቆልመም ብሎ ቀረ። ሥራውን ሊጠይቅ አብሬው ሄድኩ። የሰላሙ ሰው ሲራመድ አየውና፣

«በዚህ እግርህ ፎቅ ላይ? አይሆንም። ለራስህ ደኅንነት ነው፤ ማዕለሽ፣ ይቅርታ» አለው።

እዚያ ሕንፃ ላይ የደኅንነት ደንብ በእውነት ሲከበር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ አፌ ያመጣልኝን ተሳደብኩ፤ ወዳጄ ክንዴን ይዞ አስወጣኝ።

በኋላ ዐማራት የሚባል የካርቱም ሰፈር ውስጥ የአንድ ቪላ ዘበኛ ሆነ። አርብ አርብ ስጠይቀው በሩ አጠገብ የገመድ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ አገኘዋለሁ።

«ሥራ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፤ እዚህ የሚጥለኝ እንቅልፍ ብቻ ነው።»