ቀይ ጨርቅ ያሰርኩበት ፓምፕ

ሥራዬ የመጠጥ ውሃ ማስመርመር ነው። ቆቦ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ወደ ገጠሩ እወጣለሁ፤ ከየጉድጓዱ ናሙና ቀድቼ ለላቦራቶሪ እልካለሁ። ምን እንደምሠራ የጠየቀኝን ሰው «ውሃ እቀምሳለሁ» እለው ነበር፣ ለቀልድ። የሚስቅልኝ ግን ብዙ አልነበረም።

ከሮቢት ወጣ ብላ ባለች መንደር ብቻ እንግዳ አልነበርኩም። ከፓምፑ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት፣ በሄድኩ ቁጥር ከዚያው ውሃ በጣሳ ቀድተው «እንካ ጠጣ የኔ ልጅ፣ ይሄ ሐሩር ይገልሃል» ይሉኛል። ቆቦ ከገባሁ ጀምሮ «የኔ ልጅ» ያለኝ ሌላ ሰው የለም።

አንድ ቀን የዚያ ጉድጓድ ውጤት መጣ፤ የፀረ-ተባይ መድኃኒት ተገኝቶበታል። ምክንያቱ አልጠፋኝም። የመንደሩ ሽንኩርት አምራቾች ማሳቸውን ረጭተው ሲመለሱ መርጫቸውን እዚያው ፓምፑ ሥር ነው የሚያለቀልቁት፤ ውሃ ያለው እዚያ ነዋ። እጀታውን በሰንሰለት ቆለፍኩና፣ መርዝ አለው ለማለት ቀይ ጨርቅ አሰርኩበት። ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው ሩቅ ቦኖ መሄድ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን የሚመልስ ጠፋ። ባልቴቷም በራቸውን ገርበብ እያደረጉ «ውሃ ከልካዩ መጣ» ሲሉ ሰማኋቸው። አንጀቴን አሳረሩት። በራያ ምድር ውሃ ከለከለ ከመባል ሌባ መባል ይሻለኝ ነበር።

ከመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ጋር፣ ከፓምፑ ርቀን ለመርጫ ማጠቢያ ሌላ ጉድጓድ አስቆፈርን። ገለባ፣ ፍግና አፈር ሞላንበት፤ ላዩ ላይ ሣር ተከልን። አምራቾቹ መርጫቸውን እዚያ ሲያጥቡ መርዙ በዚያው ይቀራል፤ አፈሩ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ነፍሳት ቀስ በቀስ ይበሉታል። ሲቆፈር ከመንደሩ አንድም ሰው አላወራኝም። እኔም አኩርፌ ነበር፣ ምን ይደበቃል።

ክረምቱ አልፎ ደጋግሜ የላክሁት ናሙና ንፁህ ሆነ። ሰንሰለቱን ፈታሁ። ሰዎቹ ከበው ቆሙ እንጂ አንድም ጀሪካን አልቀረበም። የላቦራቶሪውን ወረቀት አሳየሁ፤ ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት። ንዴቴ መጣና አንድ ጣሳ ቀድቼ ግጥም አደረግሁ።

ባልቴቷ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ነገ ደህና ሆነህ ከመጣህ እንጠጣለን፣ ኢንሻአላህ» አሉ።

ሳቄ መጣ፤ መመርመሪያው እኔው ሆንኩ። ወደ ቆቦ ስመለስ ግን፣ ብታመም የሚያውቅልኝ ሰው እንደሌለ ታሰበኝና ሳቄ ጠፋ።

በማግስቱ ከሚኒባስ ስወርድ ባልቴቷ አስፋልቱ ዳር ቆመዋል።

«ምነው ቆየህ? ወላሂ ልቤ ተሰቅሎ ነው ያደረው» አሉኝ፣ ተቆጥተው።

ገና ጠዋት ነበር። የጨነቃቸው ስለ ውሃው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በዚህ አገር ቀረብኝ ብሎ መንገድ የወጣልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። «ደህና ነኝ» አልኳቸውና አብሬያቸው ወደ ፓምፑ አመራሁ።