ቦታቸው የማይታወቅ ስምንት ሳላማንደሮች

ሐኪም ቤት ሄጄ ነርሷ ክንዴን በአልኮል ስትጠርገው ዛሬም ፊቴ ይለዋወጣል። መርፌ የፈራሁ ይመስላታል። እኔን የሚያናድደኝ ግን የአልኮሉ ሽታ ነው፤ በዘጠናዎቹ፣ ቶሮንቶ ውስጥ በአንድ ሙዚየም ምድር ቤት የሠራሁበትን የዩኒቨርሲቲ ዕረፍት ያስታውሰኛል።

ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከአባቴ ጋር ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር እንኖር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት በሰብዌይ ባቡር እየሄድኩ አንዲት አዛውንት ፕሮፌሰር አግዝ ነበር። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ እዝ የሚል ነጭ መብራት ብቻ። በመደርደሪያዎቹ ላይ በአልኮል የተነከሩ ሳላማንደሮች የያዙ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ሳላማንደር እንሽላሊት ይመስላል፤ ቆዳው ግን እንደ እንቁራሪት ለስላሳ ነው። እነዚህ ከጣት አይረዝሙም፤ ሳንባ እንኳ የላቸውም፣ በቆዳቸው ነው የሚተነፍሱት። የመጡት ከመካከለኛው አሜሪካ፣ ጉም ከማይለያቸው ሁለት ተራሮች ነበር።

ፕሮፌሰሯ ለዓመታት የደከሙት የደቡቡ ተራራ ሳላማንደር ከሰሜኑ የተለየ ዝርያ መሆኑን አሳይተው ስም ሊያወጡለት ነበር። የደቡቡ ተራራ ደን ተመንጥሮ አልቋል፤ ሌላ ሳላማንደር ከዚያ አይገኝም። ማስረጃው እጃችን ላይ ያለው ብቻ ነበር።

የእኔ ሥራ በየጠርሙሱ ውስጥ ያለው ወረቀት ስላረጀ የሰብሳቢውን ስምና ቁጥር በአዲስ ወረቀት ላይ መገልበጥ ነው። ሌላ መዝገብ ስለሌለ ተራራው የሚታወቀው በሰብሳቢው ነው፤ አንዱ ሰሜን፣ ሌላው ደቡብ ነበር የሠራው። አሮጌው ወረቀት ባይነበብም ከጠርሙሱ እንዳይወጣ ፕሮፌሰሯ በመጀመሪያው ቀን ነግረውኛል። እኔ ግን የተዝረከረከ ነገር አልወድም። የላሸቀውን ወረቀት ሁሉ እያወጣሁ ጣልኩት፤ ጠርሙሶቹም አማሩልኝ።

ስም ስጽፍ ደግሞ እንደ አገሬ ጻፍኩ፤ የሰውየውን የራሱን ስም ብቻ። ሁለተኛው ስም ለእኔ የአባት ነው፤ ሳላማንደሩን የያዘው አባቱ አይደለም። ሁለቱ ሰብሳቢዎች ግን የራሳቸው ስም አንድ ዓይነት ነበር፤ ቁጥር የጀመሩትም ሁለቱም ከአንድ ነው። ፕሮፌሰሯ ሳላማንደሮቹን ሊለኩ ሲቀመጡ ስማቸውም ቁጥራቸውም አንድ የሆነ አራት ጥንድ ጠርሙስ ተገኘ። ከደቡቡ ተራራ የመጡት አራት ብቻ ነበሩ፤ አራቱም ከሰሜኖቹ ጋር ተደባለቁ።

ፕሮፌሰሯ የሰሜኑና የደቡቡ ሳላማንደር የጥርሱ ቁጥር ይለያያል ይሉ ስለነበር በዚያ ለምን አንለያቸውም አልኳቸው።

«በጥርስ ለይቼ፣ መልሼ በጥርስ ይለያያሉ ልበል?» አሉኝ በቀስታ።

ማታ ለአባቴ ስነግረው ነገሩን እንደ ስድብ ቆጠረው። «ሰውን በስሙ መጥራት ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት? ከፈለግሽ ነገ ኮል አድርጌ ላናግራት» አለ። ኧረ በማርያም ተው ብዬ ለመንኩት። ቆሻሻ ውስጥ ስለጣልኩት ወረቀት ለእሱም አልነገርኩትም።

በማግስቱ ፕሮፌሰሯ «አሮጌዎቹ ወረቀቶችስ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ገልብጬ ስጨርስ ሟሙተው ጠፉ» አልኩ።

ባይጮሁ እንኳ አንድ ክፉ ቃል ቢናገሩኝ ምን ነበረበት። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው የአገሬን የስም አወጣጥ ጠየቁኝ። ልጅ በራሱ ስም እንደሚጠራ፣ የቤተሰብ ስም የሚባል እንደሌለን አስረዳሁ። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ይህን ቀድሜ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የዝርያው ስም የሚገባበት ቦታ ገና ባዶ የነበረውን ጽሑፋቸውን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። በስምንቱ ጠርሙሶች ላይ «ቦታው አይታወቅም» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ጽሑፉም ከዚያ በኋላ አልወጣም። ያኔ መናገር ስችል አፌን መዝጋቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፕሮፌሰሯ እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ ለገና ካርድ ይልኩልኝ ነበር። ፖስታው ላይ የአባቴን ስም ጽፈው አያውቁም፤ አገሬን አክብረው የእኔን ብቻ ይጽፉ ነበር። ለአንዱም መልስ አልጻፍኩም።