ያልቀመሱት ወይን

በዚያ እሑድ ምሳ ላይ እኔ፣ ልጄ ሩትና አክስቴ ነበርን። አክስቴ በወጣትነታቸው ከባሕር በላይ ባለ አንድ የሊባኖስ ተራራ ላይ በሰው ቤት ሠርተዋል፤ አሠሪያቸው ወይን ማልማት ሲጀምር ችግኙን ተክለው፣ ሳያፈራ ከአገሩ ወጡ። እዚህ በስደት ከተማችን፣ ዳንፎርዝ መንገድ ካሉት ሱቆች የወይን ፍሬ ሲገዙ እንኳ ዘለላው የተቆረጠበትን ቦታ አይተው «ሳይበስል ተቸኩሏል» ይሉ ነበር።

ዛሬ ያ ተራራ በወይን ጠጁ ስሙ እየተጠራ ነው። ሩት አንድ ጠርሙስ አምጥታ፣ «ዳዲ፣ እሳቸው ከተከሉት ወይን ነው። ጀስት ዋን ሲፕ» አለች።

«እዚህ ቤት መጠጥ አይገባም» ብዬ የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት።

አክስቴ ባዶውን ጠርሙስ አሽትተው፣ «ይሁን ልጄ፣ ቤትህ ነው» አሉ። በወሩ አረፉ። ሩትም ለምሳ መምጣቷን ተወች።

መጠጥ ትዳር እንደሚያፈርስ አሁንም አምናለሁ። ነገር ግን ቧንቧውን በከፈትኩ ቁጥር ያ የወይን ጠጅ ሽታ ይመጣብኛል። ሕጌ አክስቴን አንድ ጉንጭ ወይን፣ ሩትን የአባቷን ገበታ፣ እኔን ደግሞ ሁለቱንም ሰዎች አሳጣ።