ጥቁር ሱፍ ለብሰን ሬንተን የሄድን ዕለት

የሃይስኩል ልጅ ሳለሁ ሲያትል ውስጥ ፕሮም፣ ማለትም የተማሪዎች የዓመት መጨረሻ ጭፈራ፣ መሄድ እንደ መሞሸር ነበር፤ ልዩነቱ ሙሽራው ኪሱ ባዶ መሆኑ ብቻ ነው። ፈረንጆቹ የክፍል ጓደኞቻችን ሱፍም ሊሞዚንም ሲከራዩ፣ እኔና ጓደኛዬ ሳምሶን የራሳችን የምንለው ነገር ትንፋሻችን ብቻ ነበር።

ሱፉ ከአባቶቻችን ቁም ሳጥን ወጣ። የዚያ ዘመን የሐበሻ አባት አንድ ጥቁር ሱፍ ነበረው፤ ለሰርግም ለለቅሶም እሱኑ ይለብሳል። ለሰርግ ከሆነ ቀይ ከረባት ይጨምርበታል። እኛ ቀይ ከረባት አላገኘንም። የአባቴ ሱፍ ውስጥ እኔ፣ ሳምሶንና ግማሹ የታኮማ ከተማ ሕዝብ ተደላድለን እንገባ ነበር። ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል፤ ኪሱ ውስጥም ከመጨረሻው ቀብር የተረፈ ሶፍት አገኘሁ። ያኔውኑ ነገሩ እንደማያምር መጠርጠር ነበረብኝ።

መኪናው የሳምሶን አጎት የጋሽ ሙሉጌታ ነው። ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልሱበት ረጅም ጥቁር መኪና ነበራቸው። "ሶ፣ ሊሞዚን ሬንት አድርጋችሁ ምን ልትሆኑ? እኔ አለሁ አይደል!" አሉን። ሽማግሌም አስፈልጎን ነበር። እኔ የምወስዳት ሄለን የምትኖረው ከሲያትል ወጣ ብሎ ሬንተን ነው፤ አባቷ ጋሽ ግርማ ደግሞ ልጃቸው ላይብረሪ ስትሄድ እንኳ በሩ ላይ ቆመው የሚጠብቁ ሰው ነበሩ።

ስለ ፕሮሙ ስትጠይቃቸው ግን አንዲት ቃል ሳይከራከሩ "ሂጂ ልጄ፣ ተጫወቺ" አሏት። ሄለን ራሷ ደንግጣ ደወለችልኝ። "ሰምቲንግ ኢዝ ሮንግ" አለችኝ። አባቷ ሰሞኑን ስልክ በመጣ ቁጥር ጋራዥ ገብተው ያንሾካሹካሉ። እናቷ እትዬ ጽጌ፣ ደሴ ታሞ የተኛው ወንድማቸው እንዴት እንዳደረ ሲጠይቋቸው፣ አባቷ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው "ደህና ነው፣ መብላት ጀምሯል" ይላሉ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጋሽ ሙሉጌታ ኤርፖርት የሚያነሱት ሰው ስለነበረ ከቀጠሮው ቀድመን ሄድን። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ዝናቡም ያንጠባጥባል። ከመኪና ሳንወርድ ዞር ብለው፣ "ስሙኝ፣ ጨዋ ቤት ነው። እንዳትስቁ! እንዳታወሩ! የምናገረው እኔ ነኝ" ብለው አስጠነቀቁን። እሳቸው የሥራ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው ከፊት፣ እኔና አንዲትም ሴት ልጅ እሺ ያላለችው ሳምሶን ከኋላ፣ አንገታችንን ደፍተን በሩ ላይ ቆምን። እኔ ነጭ አበባ ይዣለሁ፤ ርካሹ እሱ ስለነበረ።

እትዬ ጽጌ ከፈቱ። ጋሽ ሙሉጌታ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከዚያም በትሕትና፣ "እንደምን ዋሉ እትዬ ጽጌ፤ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ" አሉ።

ሳይታሰብ ጥቁር ለብሶ የመጣ ሽማግሌ፣ ከኋላው አጃቢ አስከትሎ "ቁጭ ይበሉ" ሲል፣ ሐበሻ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው። እትዬ ጽጌ ሦስታችንንም አዩን። አበባውን አዩ። "ወንድሜን! ወንድሜን!" ብለው ጮኹ፤ የሬንተን የአውሮፕላን ፋብሪካ ሥራ ያቆመ መሰለኝ።

"ኧረ እትዬ፣ ፕሮም ነው! ለፕሮም ነው የመጣነው!" እላለሁ፤ ማን ይስማኝ። እውነቱን ለመናገር ሳቄ መጥቶ ነበር። አሁን ይገባቸዋል፣ ዕድሜ ልካችንን እንስቅበታለን ብዬ ነበር።

ጋሽ ግርማ ከጋራዥ እየሮጡ ወጡ። ሚስታቸውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ማነው የነገራት?" አሉ። "ነገ ከቅዳሴ በኋላ አልተባባልንም እንዴ?"

እስከዚያች ደቂቃ እትዬ ጽጌን ያስጮኻቸው ፍርሃት ነበር፤ ይህን ሲሰሙ ግን ድምፃቸው ጠፍቶ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ሄለን አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ግማሹን ተሠርታ፣ ደረጃው ላይ ቆማ ሰምታለች። ወርዳ እናቷን አቀፈቻቸው። ጋሽ ግርማ ለማንም ያልሆነ በሚመስል ድምፅ፣ "ዛሬን እንኳ ትጫወት ብዬ ነበር" አሉ።

ፕሮም ቀረ። ከቤልቪውም ከታኮማም መኪና ጎረፈ፤ እኔና ሳምሶን ወንበር ስናመላልስ አመሸን። ከለቀስተኛው ሁሉ እንደኛ የዘነጠ አልነበረም። የሲያትል ሐበሻ በሙሉ ሞቱን ያውቅ እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው፤ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ያልሰሙት ጋሽ ሙሉጌታ ብቻ ነበሩ፤ ለእሳቸው መንገር በሬዲዮ ማስነገር ስለሆነ።

ያን ጊዜ በጋሽ ግርማ ተናድጄባቸው ነበር፤ ሰው እንዴት ሐዘን ይደብቃል ብዬ። ባለፈው ወር የእኔዋ ልጅ ለፕሮም ስትኳኳል ስልኳ ጮኸ። የአክስቴን ሞት የማላውቀው ሰው ፎቷቸውን አድርጎ ኢንተርኔት ላይ ለጥፎታል። "ዳድ፣ ኢዝ ዚስ ትሩ?" አለችኝ፣ አንዱን ዓይኗን ተኩላ ሌላውን ሳትኳል። እኔም የሰማሁት ከእሷ ነው። የምደብቅበት ደቂቃ እንኳ አልተሰጠኝም። ለአንዲት ልጅ ጭፈራ ሲሉ ሞትን እስከ እሑድ ደጅ የሚያስጠኑ ሰዎች ነበሩን።