የሞጆ ቅመም

ዘይቡ አባቦራ የጅማን የሄርማታ ሰፈር ሰርግ ሁሉ በድስቷ ያስተናገደች ሴት ናት። ፍየልም ሆነ በግ እጇ ከነካው ሰው ጣቱን ይልሳል። በ1972 ዓ.ም.፣ ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ ቦሳ ኪቶ የኩባ ሐኪሞች በሚያርፉበት ቤት ወጥ ሠሪ ሆና ስትቀጠር ማንም አልገረመውም። ችግሩ እንግዶቹ በርበሬ አይችሉም። ቀይ ወጧን አንዴ ቀምሰው አለቀሱ። በርበሬውን ስትተውላቸው ደግሞ ሥጋው የበሽተኛ ምግብ ሆነ፤ ለራሷም አስጠላት።

የቤቱ ኃላፊ ጓድ ደሬሳ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የበላይ አካል የሚባል ነገር ግን ያስፈራዋል።

«አዴ ዘይቡ፣ እንግዶቹ ከስተዋል። እስከ እሑድ የሚበሉት ካልተገኘ ሌላ ሰው አስገባለሁ። አይቀየሙኝ» አላት አንድ ሰኞ ጠዋት።

ሁለት ሴት ልጆች ብቻዋን ለምታሳድግ እናት ይህ ቀልድ አይደለም።

በዚያው ሰኞ ዶክተር ካሪዳድ የምትባለዋ ኩባዊት ለክትባት ወደ አጋሮ ልትሄድ መኪና እየጠበቃት «ሥጋ! ይሄ!» ብላ አንድ ቃል የጻፈችበት ቁራጭ ወረቀት ለዘይቡ ሰጥታት ሮጠች። ዘይቡ የፈረንጅ ፊደል አታውቅም፤ ለደሬሳ አሳየችው። እሱም መነጽሩን አድርጎ በኩራት አነበበ።

«ሞ… ጆ። ሞጆ!»

«ሞጆ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከተማዋ ናታ! ከአዲስ አበባ ወዲያ፣ ባቡር የሚያልፍባት። ቅመሙ የሚገኘው እዚያ ነው ማለት ነው።»

ሲሳሳት እንኳ ድምፁ ቅንጣት አላመነታም።

ያኔ ደግሞ ያለ ይለፍ ወረቀት ከጅማ ንቅንቅ የለም። በማግሥቱ ቀበሌ ሄደች።

«ሞጆ ማን አለሽ?» አላት ሊቀመንበሩ።

«ማንም የለኝ። ቅመም ላመጣ ነው።»

«የምን ቅመም?»

«እሱን ገና አላውቀውም።»

ሊቀመንበሩ ብዕሩን አስቀመጠ። «የማታውቂውን ነገር ፍለጋ፣ ሰው ወደሌለሽ አገር፣ አራት መቶ ኪሎ ሜትር! ሴትዮ፣ ሌላ ነገር ሳልጠይቅሽ ቤትሽ ግቢ።»

ፈጥና ወጣች። ገበያ ወርዳ ቅመም ነጋዴውን ሸኩርን ጠየቀችው። እሱም «ከሞጆ የማውቀው ጤፍ ብቻ ነው» ብሎ ተስፋዋን ቆረጠው።

ቅዳሜ ጠዋት ካሪዳድ ከአጋሮ ስትመለስ ዘይቡ በር ላይ ጠበቀቻት። «ዶክተር፣ አፉ በይኝ። ሞጆ መሄድ አልቻልኩም፣ ቀበሌ ከለከለኝ» አለቻትና ወረቀቱን መለሰችላት።

ካሪዳድ ወረቀቱን አየች፣ ዘይቡን አየች፣ ከዚያ ግድግዳ ይዛ እስኪያማት ሳቀች። «ሞሆ! ሞሆ! በእኛ አገር ይሄ ፊደል ‹ሆ› ነው! ከተማ አይደለም! ፈሳሽ ነው! ሥጋ… ውስጡ ይዋኛል!»

እጇን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ጎተተቻት። ነጭ ሽንኩርቱን አነሳች። ከሙኑን አሽትታ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ጓሮ ወጥታ ዘይቡ ለቃሪያ ዳጣ እንጂ ለሥጋ አስባው የማታውቀውን የድንብላል ቅጠል በእፍኟ ቀጠፈች፤ ከአጥሩ ሥርም ከኮምጣጣነቱ የተነሳ ሰው የማይነካውን ብርቱካን ለቀመች።

«ያ ረቢ! ይሄ ነው? ይሄ ሁሉ ጓሮ ተቀምጦ ነው እኔን ሞጆ ሊሰዱኝ የነበረው?»

ነጭ ሽንኩርቱን ከጨው፣ ከቅጠሉና ከከሙኑ ጋር ሙቀጫ ውስጥ ወቀጡት፤ የብርቱካኑን ጭማቂ ጨመቁበት፣ ዘይት አሙቀው አፈሰሱበት። ካሪዳድ ወዲያው ሥጋ እንጥበስ ስትል ግን ዘይቡ እምቢ አለች። የሥጋ ነገር ለዘይቡ የተተወ ጉዳይ ነው። የፍየል ጭን አምጥታ በቢላ ወጋ ወጋ አድርጋ ቅመሙን እስከ አጥንቱ አሸችበትና «ይደር» አለች። አደረ።

እሑድ ምሳ ላይ ካሪዳድ አንድ ቁራጭ ጎርሳ ማኘኳን አቆመች። በር ላይ የቆመችው ዘይቡ «አለቀልኝ» አለች በልቧ። ኩባዊቷ ግን ተነሥታ መጣችና አንገቷን አቀፈቻት። «ቤቴ» አለቻት፤ ሌላ አማርኛ አልመጣላትም። ሌሎቹ ሐኪሞች ቀና ሳይሉ ይበላሉ።

ደሬሳ አፉ ሙሉ እንደሆነ «አዴ ዘይቡ፣ ሌላ ሰው ያልኩትን ይርሱት፤ ቦታው የእርስዎ ነው። ያነበብኩት ግን ልክ ነበር» አለ።

ዘይቡ ወጥ ቤት ተመልሳ ዱካ ላይ ቁጭ አለች። «አልሐምዱሊላህ» አለች ጮክ ብላ። ከሰኞ ጀምሮ እህል አልዋጥ ብሏት ነበር። አሁን ሆዷ ጮኸ። ድስቱን ወደ ራሷ ሳበችና፣ እስክትጠግብ በላች።