የአባባ ጥሩነህ መነጽር ማንገቻ

ልጅ ሳለሁ ብቸና ላይ የሰማሁት ተረት ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያልቀው ገደል አፍ ላይ ነበር። ነጋሪው አያቴ አባባ ጥሩነህ ናቸው። ያኔ በክረምት ምሽት፣ እርጥቡ ማገዶ ቤቱን በጭስ ሲሞላው፣ እኛ የልጅ ልጆቻቸው ዓይናችንን እያሸን ምድጃውን ከብበን ስንቀመጥ፣ እሳቸው በኩራዝ ብርሃን የጦር ሜዳ መነጽራቸውን እየወለወሉ ስለ አንድ ችኩል አዳኝ ያወሩልን ነበር። አዳኙ የመነጽሩን ማንገቻ ሳያጠብቅ ገደል አፍ ይቆማል፤ መነጽሩ ይሾልካል፤ ልቅለበው ብሎ እጁን ሲሰድ እሱም ይከተለዋል። የሚያድነው አውሬ በየምሽቱ ይለዋወጣል፣ አንዴ ነብር አንዴ ድኩላ። ማንገቻው ግን አንድም ቀን ጠብቆ አያውቅም።

መነጽሩን ያገኙት በጣሊያን ጊዜ፣ በአርበኝነት ነው። ከብቱ ወደ ዓባይ በረሃ የጠፋበት ሰው ሁሉ ይዋሳቸዋል። አይከለክሉም፤ ግን ደንብ አላቸው። ተዋሹ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፤ እሳቸው ማንገቻውን ያጠልቁለትና ዘለበቱን በገዛ እጃቸው ይቆልፋሉ። የደብሩ አለቃ እንኳ ዝቅ ብለውላቸዋል። ቆዳው አርጅቶ ሲበጠስም ጥቁር የማተብ ክር ገምደው ቀጠሉት።

በደርግ ጊዜ፣ አንድ ቀን ከሞጣ የተላከ ካድሬ መጣና፣ ቆላው ውስጥ ሽፍታ አለ ብሎ፣ አያቴን ከነመነጽራቸው ወደ ገደሉ ይዟቸው ወጣ። የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ተከተሉ። እኔም የአያቴን ጋቢ ጫፍ ይዤ ሄድኩ።

«ልጄ፣ እስቲ አንገትህን ዝቅ አድርግ፣ ላጥብቅልህ» አሉት አያቴ ካድሬውን፣ ገደሉ አፍ ስንደርስ።

ካድሬው በቅሎው ላይ እንደተቀመጠ ጥቁሩን ክር አየና ሳቀ። «አንተ ሽማግሌ፣ እኔን ማተብ ልታስረኝ ነው? አብዮተኛ ለማንም አንገቱን ዝቅ አያደርግም!»

አንተ አላቸው። አለቃው አንቱ የሚሏቸውን ሰው! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

መነጽሩን ተቀበላቸውና ማንገቻውን አንገቱ ላይ ሳያጠልቅ፣ እንዳንጠለጠለ፣ በአንድ እጁ ወደ ዓይኑ አስጠጋ፤ በሌላው እጁ ቆላውን ይጠቁማል። በቅሎዋን ዝንብ ነከሳትና ተወራጨች። መነጽሩ ከእጁ አመለጠ። ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ ሲወርድ ሰማነው።

ካድሬው መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ ዙሪያውን ቃኘና ሰው ሁሉ እያየው መሆኑን ሲያውቅ ጥፋተኛ ፈለገ። «አሻጥር ነው! ይህ አድኃሪ ሆን ብሎ የተበጠሰ ማንገቻ ሰጠኝ!» ብሎ ጮኸ።

በማግስቱ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ካድሬው «አሻጥረኛ ይውደም!» ሲል ግራ እጆች ሁሉ ተነሡ፤ «ይውደም!» አሉ። የማን እጆች እንደሆኑ አውቃለሁ። አያቴ ዘለበት የቆለፉላቸው፣ የጠፋ በሬያቸውን በዚያ መነጽር ያገኙ፣ ካድሬው ሲጥለውም በዓይናቸው በብሌኑ ያዩ ሰዎች ናቸው። ፈርተው ነው ይሉኛል። የፈራ ሰው ዝም ይላል እንጂ ጉሮሮው እስኪነቃ አይጮኽም!

አያቴን ሞጣ ወስደው አሠሯቸው። የተፈቱት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። በመጡበት ምሽት እንደ ልማዳችን ምድጃውን ከበብን፤ ያኔ ገና አፍ የፈታችው ታናሽ እህቴ ጉልበታቸው ላይ ወጥታ «አባባ፣ ተረት» አለቻቸው።

መጀመሪያ ወደ በሩ አዩ።

«ምን ተረት አውቄ ልጄ፣ ረስቼዋለሁ። ተኙ» አሉ።

አልረሱትም። ፍሙን ሲቆሰቁሱ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። እስኪሞቱ ድረስ ግን አንድም ተረት ከአፋቸው አልወጣም።

አሁን ሰዎች «ያለፈ ነገር ነው፣ ይቅር በይ» ይሉኛል። እሳቸውማ ይቅር ብለው ነው የሞቱት። የመነጽሩ ነገር፣ የእስሩም ነገር ከእኔ ልብ እየወጣ ነው። ይቅር ማለት የሚያቅተኝ እህቴ ለልጆቿ ስለ አያታችን ስታወራ ስሰማት ነው። ክፉ አትናገርም፤ ያየችውን ነው የምትነግራቸው።

«ዝምተኛ ሰው ነበሩ» ትላቸዋለች።